የሶሪት ክንፍ ቀይ ነው

ባለፈው ሳምንት ምራቴ ኮቴን ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፋ ስታሽ ድንገት ጮኸች። ሮጬ አልወጣሁም፤ የምሮጥበት ጉልበት ድሮ ቀርቷል፤ ግን በትሬን ይዤ እስከ በረንዳው ደረስኩ። የሳፋው ውሃ ቀልቷል። «አባባ፣ ደም ነው! የት ቆስለው ነው?» ትለኛለች፣ እጆቿን ከውሃው አውጥታ እንደ ምርኮኛ ወደ ላይ ሰቅላ። ኮቱን አገላብጬ ከውስጥ ኪሱ አንድ ላባ አወጣሁ። ጨለለቅቱ ከተማ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ፣ ያፈናጠጠኝ ሞተረኛ ሬኮ የሚባል ቦታ ላይ ጎማ ሊያስነፋ ሲቆም፣ ከመንገዱ በታች ካለው ዛፍ ሥር ያነሳሁት ላባ ነው። ኪሴ ስከተው እንደ በርበሬ ቀይ ነበር፤ አሁን እንደ አሮጌ ሻማ ገርጥቷል። የሳሙናው ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ሳቄ መጣ። ምራቴን ከደሙ ይልቅ ያስደነገጣት ሳቄ ነው፤ በዚህ ቤት ስስቅ አይታ አታውቅም።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ዲላ የሚያስተምረው የልጅ ልጄ ለምሳ መጥቶ ነበርና ላባውን በሁለት ጣቱ አንስቶ አየው፣ ሳፋውንም አየ። «አባባ፣ ማን ነው ቀለም ቀብቶ የሸወድዎት?» አለኝ። ማንም አልቀባውም፣ የወፍ ላባ ነው፣ ሳሙና ሲነካው ይለቃል ብዬ ነገርኩት። «የወፍ ላባማ አይለቅም። ቢለቅ ኖሮ ክረምት ሲመጣ ወፍ ሁሉ ነጭ ይሆን ነበር» አለና ፈገግ አለ። ልጁ ክፉ አይደለም። ነገር ግን አባቴ የታሰረው በዚያችው «ቀለም ቀብቶ» በምትል ቃል ነበር፤ አገሬን ከያዙት ሰዎች አፍ የወጣችው ቃል፣ ይህን ሁሉ ዘመን ዞራ ዞራ ከገዛ ሥጋዬ አፍ ስትወጣ ስሰማ ምሳዬን ገፋ አድርጌ ተነሳሁ። ስለዚህ ልጽፈው ተቀመጥኩ። ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው፤ መሠረተ ትምህርት መንደራችን የመጣ ጊዜ የልጄ እኩያ የሆነች ዘማች ጣቴን ጨብጣ «ሀ» አስባለችኝ። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ሁሉ አቤቱታ ነው፤ የድንበር፣ የውሃ ቦይ፣ የቡና መሬት። ይህም አቤቱታ ነው፤ የማስገባበት ቢሮ ብቻ የለኝም።

የተወለድኩት ከዲላ ወደ ወናጎ ሲኬድ ከመንገዱ በላይ ባለው ዳገት ላይ ነው። ቤታችን እንሰት ውጦት ከመንገድ አይታይም ነበር፤ ጭሱ ብቻ በቅጠሎቹ መሐል እየተንፏቀቀ ይወጣና እዚያ ሰው እንዳለ ያሳብቃል። ከእንሰቱ በላይ ቡናው፣ ከቡናው በላይ ብርብራውና ዋንዛው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አያቴ «ምሳር እንዳይነካት» ብሎ ተናዝዞ የሞተላት ሾላ ነበረች፤ ስታፈራ የወደቀው ፍሬ ከሥሯ ይፈላና የጠላ ሽታ እስከ ቤታችን ይመጣል፣ ጉንዳኑም ዝንቡም እኛም ከሥሯ አንጠፋም።

ሾላዋ ስታፈራ ሶሪት ትመጣለች። ለማያውቃት ልንገር። ከዶሮ ታንሳለች፣ ጅራቷ ረጅም ነው፣ ገላዋ እንደ እንሰት ቅጠል አረንጓዴ፣ ጉንጯ ላይ ነጭ ምልክት አላት። ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ እንደ ጦጣ ትሮጣለች። ድምጿ አያምርም፤ ሽማግሌ ጠዋት ሲያስል ይመስላል። ቅጠል ውስጥ ከተቀመጠች ዓይንህ ላይ ብታርፍም አታያትም። ስትበር ነው ጉዱ። ክንፏን ስትዘረጋ ውስጥ ተሸሽጎ የነበረው ቀይ ቦግ ይላል፣ ሸለቆውን ተሻግራ ስታርፍ ደግሞ ይከደናል። ቀዩ ያለው በሚያበሯት ረጃጅም የክንፍ ላባዎች ላይ ብቻ ነው፤ ሌላው ገላዋ ላይ ብትፈልግ አታገኘውም። አባቴ ዱካሌ «ለመንገድ እንጂ ለቤት የማትለብስ ሴት» ይላት ነበር። እናቴ ይህን ስትሰማ «ለእኔ ደግሞ የመንገዱን ቀሚስ መቼ ገዝተህልኝ!» ብላ ታፋጥጠዋለች፤ አባቴም ቶሎ ብሎ ዶማውን ፍለጋ ይወጣል።

እኔ የራሴ ሶሪት ነበረችኝ። ንፋስ ከጎጆዋ ጥሏት ገና ላባ ሳታወጣ፣ ጥቁር ጠጉር ብቻ ሆና ያገኘኋት ናት፤ ሾላና የበሰለ ሙዝ አላምጬ አሳደግኳት። እናቴ ሙሽሪት ብላ ስም አወጣችላት፤ ከምሰሶው ላይ አንገቷን ሰብራ ስለምታየን። የክንፍ ላባዎቿ ሲበቅሉ በየቀኑ አይቻለሁ። ገና ያልተገለጠ የእንሰት ቅጠል እንዴት ተጠቅልሎ እንደሚወጣ የምታውቅ ታውቀዋለህ፤ እንደዚያ ተጠቅልለው፣ ቀጭን ልባስ ለብሰው ወጡ፤ ልባሱ ሲሰነጠቅ ቀዩ ከውስጥ ነበር። ማንም አልቀባውም። እዚያ ነበርኩ።

ስለ ላባ ያስተማረኝ አባቴ ነው። ጆሮውን በላባ እየኮረኮረ፣ ዓይኑን በደስታ ጨፍኖ ያስተምረኛል። የገላ ላባ ጋቢ ነው፣ ለብርድ ነው ይላል፤ የክንፍ ላባ ግን መሣሪያ ነው። አገዳውን አሳየኝ፤ በአንዱ ወገኑ ያለው ላባ ጠባብ፣ በሌላው ሰፊ። ጠባቡ ነፋሱን ይሰነጥቃል፣ ሰፊው ይቀዝፈዋል። ሶሪትም ላባዋን በአንዴ አታራግፍም አለኝ፤ ከቀኝ አንድ ስትጥል ከግራም አንድ ትጥላለች፣ እነሱ ሲያድጉ ሌሎቹን ትጥላለች፣ በዚህ ዓይነት ልብሷን ሁሉ ቀይራ አንድም ቀን መብረር ሳታቆም ዓመቱ ያልቃል። ይህን የነገረኝ ሰው በሕይወቱ መጽሐፍ አልገለጠም፤ እኔም የገለጥኳቸው መጻሕፍት ይህን አልነገሩኝም።

ጣሊያን ዲላ ገብቶ የጦር ሰፈር ሲሠራ ዳገታችን ላይ መጀመሪያ የደረሰው የጥሩምባው ድምፅ ነበር፤ ሙሽሪት እንኳ በድምጿ ልትመልስለት ትሞክር ነበር። የሰፈሩ አለቃ አንድ ካፒታኖ ነው። ስሙን አውቀዋለሁ፤ ቀለም አላባክንበትም። ይህ ሰው አንድ ቀን ወናጎ ሲሄድ ሶሪቶች መንገዱን ሲያቋርጡ አየና በቅሎውን አቁሞ አፉን ከፈተ አሉ። ከላይ ትልቅ ሹም ሊጎበኘው ይመጣል፤ እሱም አስካሪ የሚላቸው ጥቁር ወታደሮቹ ሁሉ ቀዩን ላባ ታርቡሽ በሚሉት ቆባቸው ላይ ሰክተው እንዲሰለፉለት አማረው። ትእዛዝ ወጣ፤ በየዳገቱ ያለ አባወራ ላባ ያምጣ።

አብዛኛው ሰው ወንጭፍ አነሳ። ሰውን አልወቅስም፤ ያልታዘዘ ይገረፍ ነበር። ክንፉ ተገንጥሎ የቀረው ሥጋ በየቦዩ ተጥሎ ያየሁት ግን ዛሬም ከዓይኔ አይወጣም። አባቴ «ላባ አለ እንጂ ግደሉ አላለም» አለ። ሾላውን የሚዘራው የሶሪት ኩስ መሆኑን ስለሚያውቅ፣ ሶሪትን መግደል ለእሱ የዘር ጎተራን እንደ ማቃጠል ነበር። እና እኔና እሱ ከሾላዋ ሥር፣ ከብርብራው ሥር፣ ወንዙ ድረስ እየወረድን የረገፈውን ለቀምን፤ ጎረቤት «ዱካሌ እንደ ዶሮ መሬት መጫር ጀመረ» እያለ ሲስቅበት፣ እሱ «ዶሮስ ትጠግባለች» ይላል። ቅርጫቱ ሲሞላ አራግፈን፣ የቀኙን ለቀኝ የግራውን ለግራ ለይተን ወሰድንለት። የተቀበለን ተርጓሚው በላቸው ነበር። በላቸው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር፤ ያ ዘመን ለሁለቱ አንድ ደሞዝ ይከፍል ነበር። አባቴ «ለጌታህ ንገረው፤ የሰጡት ወፎቹ ናቸው፣ እኔ አይደለሁም» አለው። በላቸው አልተረጎመውም።

የሌሎቹ ክንፍ ሥጋ ስለነበረበት ሸተተና ተጣለ። ታርቡሾቹ ላይ የተሰፋው የአባቴ ላባ ብቻ ሆነ፤ ሰፈሩ በሙሉ አምሮበት ዋለ። ሹሙ ሊመጣ ሲል ግን አንድ ትጉህ አስካሪ የታርቡሾቹን አቧራ ሊያስለቅቅ በፈላ ውሃና በወታደር ሳሙና ከነላባቸው አጠባቸው። ውሃው ቀላ፤ ላባዎቹ ሲደርቁ የትንባሆ አጫሽ ጥርስ መሰሉ። ካፒታኖው ወዲያው ፍርዱን ሰጠ፤ ይህ ጥቁር ሰው ተራ ላባ ቀለም ውስጥ ነክሮ መንግሥትን አታሏል። ለዚህም ማስረጃ አለው፤ የሌሎቹ ደም ነበረበት፣ የአባቴ ለምን ንጹሕ ሆነ? ወፍ ባለመግደሉ ተጠረጠረ።

አባቴን ከእንሰት ጉድጓዱ አውጥተው፣ እጁ ላይ ያለው አፈር ሳይራገፍ አስረው ወሰዱት። በማግስቱ ቆጮ ይዘን ስንሄድ በላቸው ከአጥሩ ውጭ እናቴን ጠበቃት። «እቴ፣ ምከሪው። ቀለም ነክሬ ነው፣ ተሳስቻለሁ ይበል። ትንሽ ይገረፍና ይለቀቃል። አይ ካለ ግን ሄዶ የተመለሰ ሰው ወደሌለበት በረሃ ነው የሚልኩት» አላት። እናቴ በአጥሩ ቀዳዳ ነገረችው። አባቴ ቆጮውን እያኘከ ሰማት። ከዚያ ማጌኖን ጠራ፤ በእኛ ቋንቋ እግዜር ማለት ነው። «ማጌኖ የቀባውን እኔ ቀባሁ ልበል? ዛሬ ይህን ካልኩ ነገ ሰማዩን ማን ሰማያዊ አደረገው ብለው ቢመጡብኝስ?»

«አንተ ግትር!» አለችው። «በላባ ልጆቼን ያለ አባት ልታስቀር!»

«በላባ አይደለም። ውሸታም ብለውኛል። ዋሽቼ ልውጣና እውነት ላድርግላቸው?»

እናቴ ዳገቱን እየተሳደበች ወጣች፤ እሱን፣ ጣሊያንን፣ በላቸውን፣ ሶሪትን፣ እኔንም። ቤት ስትደርስ ግን ስድቡን ትታ ቅርጫቱን ወደ ምድጃው ጎተተች። አንድ ነገር ከንክኗታል፤ ካፒታኖው ውሃው ቀላ ካለ፣ ምን አቀላው? እኛ ቤት ሳሙና የሚባል ነገር ገብቶ አያውቅም ነበር፤ እንኳን ላባ ገላችንም አልታጠበበትም። ከቅርጫቱ ሥር ከቀሩት ላባዎች አንዱን አንስታ በእንዶድ አሸችው፤ ምንም አልሆነም። ከዚያ ከምድጃው አመድ ዝቃ በሙቅ ውሃ በጠበጠች፣ አጠለለች፣ ሌላውን ላባ ነከረች። ቀዩ እንደ ጭስ እየተጥመለመለ ወጣ። ቁጢጥ ብላ ብዙ አየችው። «ሰውዬው እውነቱን ነው፤ ይለቃል። አባትህም እውነቱን ነው» አለች። ቀጥላ ቀና ብላ ምሰሶውን አየች። ሙሽሪትም አንገቷን ሰብራ አየቻት። የገባኝ ያኔ ነው፤ በሕይወት ያለችውን ወፍ ካፒታኖው ፊት ልታሳጥብ ነው። አልሰጥም አልኩ፤ አለቀስኩ፤ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። እናቴ አልቆጣችኝም። «እኔ አልነካትም። ያሳደግካት አንተ ነህ፤ እዚያ የተቀመጠውም አባትህ ነው» ብላ ወደ ከብቶቹ ሄደች። እኔም ሙሽሪትን በነጠላ ጠቀለልኳት።

የገበያ ቀን ነበር። እናቴ ቀኑን የመረጠችው አስባበት እንደሆነ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ከገበያ ገብቶ የሚወጣው ሁሉ ወፍ የታቀፈ ልጅና ፊቷን ያጠቆረች ሴት ወደ ጣሊያን ሰፈር ሲሄዱ አይቶ ተከተለን፤ አጥሩ በሰው ጠቆረ። ካፒታኖው ጠረጴዛ አስወጥቶ ጥላ ሥር ተቀምጧል፤ አባቴን ከግንዱ ጋር አስረውታል። እናቴ እጅ አልነሳችም። «በላቸው፣ ሳሙናውን አምጡ በለው። የዛሬዋን እንኳ አስተካክለህ ተርጉም» አለች።

ሳፋና የፈላ ውሃ መጣ፤ በእጄ ነክቼ እስኪበርድ አስጠበቅኳቸው። ከዚያ የሙሽሪትን የቀኝ ክንፍ ዘረጋሁት። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ሕዝብ «እህ» ሲል ሰማሁ፤ ያን ቀይ እጅ ውስጥ፣ በቅርብ፣ ያለ በረራ ያየ ሰው ጥቂት ነው። ያ ትጉህ አስካሪ ሳሙናውን አረፋ አድርጎ አሸው። የወፏ ልብ መዳፌ ላይ እንደ ዝናብ ጠብታ ይመታል። ቀዩ በጣቶቼ መሐል ወረደ፣ ክንዴን ይዞ እስከ ክርኔ መጣ፣ ሳፋውን ሞላው።

መጀመሪያ የተናገረችው አንዲት ቅቤ ሻጭ ናት፤ ድምጿ እስከ ገበያው ይሰማል። «ውይ ዱካሌ! ዛፍ ለዛፍ እየወጣህ አንድ በአንድ ስትቀባቸው አልደከመህም?»

ሕዝቡ ሳቀ። አስካሪዎቹ ሳቁ። በላቸው እንኳ ፊቱን አዙሮ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። የካፒታኖው ፊት ሲቀላ አየሁ፤ ያኛው ቀይ ግን በሳሙና የሚለቅ አልነበረም። ብድግ ብሎ አንድ ነገር ጮኸ። በላቸው መሬት መሬት እያየ «ወፏ እዚህ ትቅር ብሏል። ክንፏ ተቆርጦ ቤቱ ትቀመጣለች» አለ። አንዱ መቀስ ሊያመጣ ሮጠ። እናቴን አየሁ፤ አባቴን አየሁ፤ አባቴ ከታሰረበት አገጩን ወደ ሰማይ አነሳልኝ። እጄን ከፈትኩ።

ሙሽሪት መጀመሪያ መሬት ላይ ሮጠች፣ ከመሬት ወደ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው የአንዱ አስካሪ ታርቡሽ ላይ፣ ከዚያ ጣሪያው ላይ ዘለለች። እዚያ ቆማ እርጥቡን ክንፏን አራገፈች። ሰው ሁሉ ቀና ብሏል። ከዚያ ተነሳች፤ ግራዋ እንደ እሳት፣ ቀኟ እንደ አመድ ሆኖ፣ ትንሽ እየተንገዳገደች በእኛ ዳገት አቅጣጫ ሄደች።

አባቴ ተገረፈ። ቀለም ነክረሃል ማለትማ አልቻሉም፤ ገበያው በሙሉ አይቷል፤ የበረሃው ነገርም በዚያው ቀረ። «ታዲያ ለምን?» ብላ እናቴ ስትጮህ በላቸው «ለሳቁ ነው፣ እቴ» አላት። ጅራፉ ሲያርፍበት አባቴ «ቀይ ነው!» ይላል። ደግሞ ሲያርፍ «ቀይ ነው!» መጨረሻ ላይ አስካሪው አዝኖ መሬቱን ገረፈ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ ነበር፤ ውሸት ነው። እስከ መጨረሻው ጀርባውን ነው የገረፈው፤ አባቴም እስከ መጨረሻው ቀይ ነው አለ፣ ድምፁ ሲያልቅ በከንፈሩ አለ። ትልቁ ሹም ሲመጣ አስካሪዎቹ ባዶ ታርቡሽ አድርገው ተሰለፉ።

ሙሽሪት ወደ እጄ አልተመለሰችም። ሾላዋ ላይ ግን ትመጣ ነበር፤ ከሌሎቹ የምለያት አንድ ክንፏ ገርጥቶ ስትበር ነው። በኋላ እንደ ልማዷ አንድ ከቀኝ አንድ ከግራ እየጣለች የገረጡትን ሁሉ ቀየረቻቸው፤ ጣሊያን ከአገር ሲወጣ ሁለቱም ክንፏ ሞልቶ ቀልቶ ነበር። የአባቴ ጀርባ ግን ላባ አይደለም፤ አልቀየረውም። ሲሞት ያጠቡት ሽማግሌዎች ሰንበሩን አይተው ነጠላ ጣሉበት።

አሁን ልቁጠር ብል ምን ቀረ? ሾላዋን የገዛ ወንድሜ ለጣውላ ሸጣት። ብርብራው ሄዶ ባሕር ዛፍ መጣ። የዳገታችን ልጆች ሶሪትን አያውቋትም፤ እሷን ለማየት ሬኮ ድረስ፣ ሞተር ላይ ተንጠልጥሎ መሄድ ሆኗል። ይህ ሁሉ ያንገበግበኛል፤ ግን ዛፍ ይተከላል፣ ወፍም ዛፍ ካገኘች ትመጣለች። የጠፋብኝ ሌላ ነው። ስለ አንዲት ወፍ ቀለም ጀርባውን የሚሰጥ ሰው ጠፋብኝ። ዛሬ ሰው የሚጠየቀውን ቀለም ይቀባል፤ ጅራፍም ሳይነሳበት።

የልጅ ልጄን ያን ቀን ሳፋው ፊት አቁሜ ጣቱን አስነከርኩት። አሸተተው፣ አየው፣ «እንጃ፣ አባባ» አለ። እንጃ ማለት መልካም ነው፤ ከፈገግታው ይሻላል። ቅዳሜ ሬኮ ይዤው እሄዳለሁ። ምራቴ በዚህ ዕድሜዬ ሞተር አያስፈልገኝም ትላለች፤ አልሰማኋትም። ከዛፉ ሥር እንቀመጣለን።

«ባትመጣስ?» አለኝ።

«እንቀመጣለን።»

«መጥታም ባትበርስ?»

የዚህኛውን መልስ ለወረቀት አቆየሁት። እዚህ፣ ያቺ ዘማች እንዳስተማረችኝ ፊደሉን እያገዘፍኩ፣ ከመስመሩ ሳልወጣ እጽፍለታለሁ፤ ብትበርም ባትበርም፣ ብታይም ባታይም፣ ቀይ ነው።